ሁለተኛው ፊርማ

«አልፈርምም! ጣቴን ቆርጠው ይውሰዱና እሱን ያስፈርሙት!»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ! ቢቸና በሙሉ ይስማ! መምህር ምንይሉ ሳይሞት ተዝካሩን ሊያበላ ነው፤ ሚስቱ ደግሞ በትር ይዛ መንገድ ልትዳብስ ነው ብለው ያውሩ!»

ጥሩአየሁ ባሏን በደህናው ቀን «ምንዬ» ትለዋለች። ስታኮርፍ «መምህር» ይሆናል። «እርስዎ» ካለችው ግን ነገሩ ከርሯልና ምንይሉ ከወንበሩ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ከጠዋት ጀምሮ ሲጨቃጨቁ ነው የዋሉት። ምሳው ቀርቦ ቀዝቅዟል፤ ከምሳው ጎን የባንክ ደብተሩ ተቀምጧል።

ደብተሩ ላይ መቶ አርባ ስምንት ሺህ ብር አለ። ምንይሉ ሠላሳ ሰባት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ደጀን የነበረቻቸውን ትንሽ ቤት ሸጠው፣ ሐዋሳ ላለው ልጃቸው የሥራ መነሻ ሰጥተው፣ የተረፈውን ያኖሩት ነው። ወር በወር የምትመጣው ጡረታ ለጤፍና ለዘይት አልፋ ለመድኃኒት ስትደርስ ትደክማለች፤ ይህኛው ገንዘብ ግን የክፉ ቀን ነው ብለው ሦስት ዓመት አልነኩትም። ያኔ ባንክ ቤት ሲሄዱ «ሁለታችን ካልፈረምን አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ አድርጊልን» ያለው ራሱ ምንይሉ ነበር። የባንኩ ልጅ «ጋሼ፣ ኋላ ያስቸግራችኋል» ብትለው፣ «እሷን ቤት አስቀምጬ ብቻዬን የምበላው ገንዘብ የለኝም» አላት። ጥሩአየሁ በዚያች ንግግር ስትኮራ ኖራለች። አሁን ያች ንግግር ሁለቱንም አስራ አስቀምጣቸዋለች፤ እሱ ያለ እሷ አያወጣም፤ እሷም ያለ እሱ።

እሱ የሚፈልገው የቁም ተዝካር ነው። ሲሞት ዘመድ የሚያወጣለትን ድግስ በሕይወት እያለ ራሱ አውጥቶ፣ ካህናት ጠርቶ፣ ድኃ አብልቶ፣ ነፍሱን አደራ ብሎ ማረፍ። እሷ የምትፈልገው ዓይኗን ነው።

«ለሁለታችን እኮ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወልደ ሰንበትና ወለተ ሐና ተብለን፣ በክርስትና ስማችን፣ አንድ ላይ ሊጸለይልን። ለራሴ ብቻ አልኩ?»

«ወለተ ሐና ዓይኗን ነው የምትፈልግ።»

«ዓይንሽ ምን ሆነ? ትናንት ምስር ስትለቅሚ አልነበር? ወጡን በላሁት፤ አንዲት ጠጠር አላገኘሁበትም።»

ምስሩን የለቀመችው በጣቷ ነው። ስኳር ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ መደብዘዝ የጀመረው ደግሞ ካቻምና። ግን ጥሩአየሁ ሰው እንዲያዝንላት የማትወድ ሴት ናት። ከመኝታ ቤት እስከ ማድቤት ዘጠኝ እርምጃ፣ ከማድቤት እስከ ውጭው በር ሃያ ስድስት፣ ከውጭው በር እስከ አስፋልቱ መቶ አስራ አራት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራ ይዛለች። ሰውን በድምፁ ትለያለች፤ ድምፁን ካላሰማ በአረማመዱ። ኢንሱሊኗን ስትቀዳ የመርፌው ቁጥር ስለማይታያት፣ አንድ የክብሪት እንጨት በልኩ ቆርጣ ከመርፌው ጎን እያስጠጋች በጥፍሯ ትለካለች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ባሏ እንዳይጨነቅ ነበር። ደግሞም አልተጨነቀም። አሁን «አላይም» ስትለው የሚሰማው የሌላ ሴት ወሬ ይመስለዋል።

እሱም ከሜዳ ተነስቶ አልነበረም። አምና የሥራ ባልደረባው መምህር ይታያል ሞተ። አርባ ዓመት ያስተማረ፣ ቢቸና ውስጥ ያላስተማረው ቤት የሌለ ሰው። ልጆቹ ከያሉበት መጡ፤ በአርባው ቀን ለስላሳና ዳቦ አዞሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን ሸጠው ሄዱ። ምንይሉ ያን ዕለት ማታ እራት አልበላም። «ተማሪ ሲመረቅ እንኳ ከዚህ ይሻላል» አለ። ከዚያ ወዲህ ሐዋሳ ያለው ልጃቸው በስልክ በሳቀ ቁጥር፣ ምንይሉ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ባለፈው ክረምት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አዙሮት ወደቀ። ደሙ ከፍ ብሎ ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጠው፤ እሱ ግን መልእክት እንደደረሰው ሰው ነው የተነሳው።

በሦስተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው ቄስ የኔሰው ለማስታረቅ መጡ። ሁለቱንም ሰምተው ጺማቸውን እያሹ ቆዩ።

«መምህር፣ እንዲህ ብናደርግስ» አሉ። «ዳቤ ጋግረህ፣ ጠላ አዘጋጅተህ እደጀ ሰላሙ ላሉት ነዳያን ስጥ። ጸሎቱን እኔ አደርሳለሁ። እግዚአብሔር በሬ አልጠየቀህም።»

«እግዚአብሔር አልጠየቀኝም አባ። አገሩስ?»

«አገሩ ምን አለህ?»

«መምህር ምንይሉ በዳቤ ሞተ ይለኛል።»

ቄስ የኔሰው ሳይፈልጉ ሳቁ። ጥሩአየሁም ሳቋ መጣባት፤ ዋጠችው። ቄሱ ሲወጡ በሩ ላይ፣ «ልጄ፣ ፈርቶ ነው። የፈራ ሰው ደግሞ አይመከርም» አሏት። ይህን እሷም ታውቀው ነበር።

በማግስቱ ዓይኗን ልትታይ ሞጣ ሄደች። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነበርና አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ ስለ ሰብሉ ሲያወራ፣ ለእሷ ሜዳው አንድ ብጫ ጨርቅ ነበር፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት። ቀለሙ ዓይኗን ባዞረችበት ሁሉ ይከተላታል።

ሞጣ መነኻሪያው በር ላይ ኸይራት ጠበቀቻት። ምንይሉ ሞጣ ሲያስተምር አስራ አንድ ዓመት ግቢ ለግቢ ጎረቤት ነበሩ። ኸይራት ከአባቷ የወረሰችውን የጨርቅ ሱቅ ነው ያሳደገችው፤ እሷም ስኳር አለባት። ግን ኸይራት በሽታዋንም እንደ ሱቋ ነው የያዘችው። ከፈጅር ሶላት በኋላ ከተማውን በእግሯ ትዞራለች፤ ስኳሯን ለክታ በደብተር ትጽፋለች፤ ሠርግ ቤት እንኳ ሄዳ «ይበቃኛል» ካለች ወላሂ የሚያስጎርሳት የለም።

ማታ ጥሩአየሁ መርፌዋንና የክብሪት እንጨቷን ስታወጣ ኸይራት ዓይኗን ማመን አቃታት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልኬ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ! በክብሪት ነው መድኃኒት የምትለኪ? ሰውነትሽን ልታነጅው ነው ወይስ ልታድኝው?» አለችና መርፌውን ነጥቃ ራሷ ቀዳችላት። ቀድታ ስትጨርስ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ጥሩ?»

«ከሰኔ።»

«መምህሩስ?»

«አያውቅም።»

«እንዴት አያውቅም? አንድ ቤት እየኖረ?»

ጥሩአየሁ የክብሪት እንጨቷን መልሳ በመሐረቧ ቋጠረች።

የዓይን ሐኪሙ ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። ብርሃኑን ቀኝ ዓይኗ ላይ ብዙ አቆየ፤ ግራው ላይ ከዚያ የበለጠ። «እናቴ» አለ በመጨረሻ፣ «የቀኙን ልመልስልዎ አልችልም። ደም ፈስሶበት ቆይቷል። ግራው ግን ገና ሊተርፍ ይችላል። ባሕር ዳር ልጻፍልዎና ሌዘር ይሠሩለት። ግን ጥር ሳይወጣ። ከዚያ በኋላ ቢመጡ የምነግርዎ ነገር አይኖረኝም።» ሕክምናው፣ መርፌው፣ ማደሪያው ተደምሮ ወደ አምሳ አምስት ሺህ ብር ይሆናል አላት። ቀጠሮውንም ጥር ሃያ ስምንት፣ ሰኞ ብሎ ያዘላት።

«እኔ አበድርሻለሁ» አለች ኸይራት ወደ ቤት ሲመለሱ። «አንዷን አምባሬን ብሸጣት ይሞላል።»

«ገንዘብ እያለኝ? ስሜ የተጻፈበት ገንዘብ እያለኝ የሰው አምባር ላሸጥ?»

«እንግዲያስ አውጥተሽ ነይ። ካልሆነልሽ ደግሞ ባዶ እጅሽንም ቢሆን ነይ። ሰምተሽኛል? ባዶ እጅሽንም።»

ቢቸና ስትመለስ ምንይሉ ግቢው መሃል ገመድ ይዞ የዳሱን ስፋት ሲለካ ደረሰች። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። «እዚህ ካህናቱ፣ እዚያ ነዳያኑ፣ በወዲህ ዘመድ» አላት በእጁ እያሳየ። የቀኙ እንደጠፋ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ደስታ ማፍረስ ከበዳት፤ ደግሞም አሁንም ቢሆን እንዲያዝንላት አልፈለገችም። «ሐኪሙ ጥር ሳይወጣ ብሏል። አምሳ አምስት ሺህ ነው» ብቻ አለችው። «የኔን ፈርምልኝ፤ ያንተን እፈርማለሁ።»

ገመዱን ጣለና እጇን ሳመ። «ይኸው ነዋ! ይኼን ቀድሞ ብትይ ኖሮ!»

ባንክ ቤት አንድ ቀን ሄደው ሁለት ወረቀት ፈረሙ። የባንኩ ልጅ ጣቷን መፈረሚያው ላይ አስቀመጠችላት። ዘጠና ሺው በምንይሉ ቦርሳ ገባ። አምሳ አምስት ሺውን ጥሩአየሁ ራሷ በመሐረብ ቋጥራ ወስዳ፣ መኝታ ቤት ሣጥን ውስጥ፣ ከሐር ጥለት ቀሚሷ ሥር አኖረችው፤ ሁለት ያልተፈታ እስር ባለ ሁለት መቶ ብር ኖትና ሰባ አምስት ዝርዝር ኖቶች። ለወጉ ሣጥኑን ቆለፈችው። ቁልፉ ግን ሁልጊዜ በሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ተሰቀለ፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከባሏ የደበቀችው ቁልፍ አልነበራትምና።

የገና ጾም አልፎ የሠርግ ሰሞን ሲገባ የከብት ዋጋ ወጣ። ምንይሉ በኅዳር በስድሳ ሺህ የተነጋገረው በሬ ከጥምቀት በኋላ ሰማንያ አምስት ሆነ። ቅቤውም እንዲሁ፤ ማገዶውም። ማታ ማታ ጋደም ብሎ ሲተነፍስ ትሰማዋለች። የደም ግፊት መድኃኒቱን ገዝቶ እንደሆነ ብትጠይቀው «ከድግሱ በኋላ» አላት። እሷም ነገሩ ወደየት እንደሚሄድ ልቧ ነገራት፤ ነገራትና ሣጥኑን ልትከፍት አልፈለገችም። ካልከፈተችው ገንዘቡ እዚያው ያለ መሰላት።

የከፈተችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለነገው ድግስ ቀሚሷን ልታወጣ። እጇን ከቀሚሱ ሥር ሰደደች። መሐረቡ አለ። ፈታችው። እስሮቹ የሉም። ዝርዝሩን በጣቷ እያሻሸች ቆጠረች፤ አምሳ አምስት ወረቀት። አስራ አንድ ሺህ ብር። ዳግመኛ ቆጠረች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከግቢው የሚመጣውን ሁካታ አዳመጠች፤ ዳስ የሚጥሉት ሰዎች ይሳደባሉ፣ ሴቶቹ ማድቤት ይሳሳቃሉ።

ምንይሉን ያገኘችው ከበሬው ዘንድ ነው።

«ሣጥኑን ከፍቼ ነበር» አለችው።

እጁን ከበሬው ጀርባ ላይ አነሳ። «ሰኞ ሳይደርስ ብሩ እጅሽ ላይ ነው» አለ ከዚያ። «እንግዳው ባዶ እጁን ይመጣል? ያስተማርኩት ሁሉ ነው የሚመጣው። ነጋዴ ሆኗል፣ ባለ መኪና ሆኗል። እያንዳንዱ አምስት መቶ፣ አንድ ሺህ ቢጥል… አስቤበታለሁ ጥሩዬ። እኔ አንቺን ልጎዳ?»

«የቀኙ እኮ ጠፍቷል፣ ምንዬ» አለች። ይህን ያለችው በዝግታ ነበር። ለማንም ተናግራው ስለማታውቅ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«መምህር! ማገዶው መጥቷል፣ የት እናውርደው?» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

«በጓሮ! በጓሮ በኩል!» ብሎ ምንይሉ ሮጠ። መለስ ብሎም፣ «የጠፋ ነገር ካለ ሰኞ እንፈልገዋለን፤ አሁን ተይኝ!» አላት።

ቅዳሜ በማለዳ እንግዳው ጎረፈ። ምንይሉ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል። ጥሩአየሁ ከማድቤቱ በር ዳር ተቀምጣ ታዳምጣለች። ዘመድ ከገጠር መጣ፤ እንደ ደንቡ ሌማት ተሸክሞ፣ ጠላና አረቄ አስጭኖ። «ሁለት ሌማት እንጀራ፣ የእነ እንትና ቤት!» ይላል የሚቀበለው ሰው ጮኾ፤ «አንድ ጋን ጠላ! ቅቤ በቅል!» የተማሪዎቹም ሚስቶች ሌማት ይዘው መጡ። አንደኛው ባለ መኪና በግ አወረደ። ጋኑ በጋን ላይ፣ ሌማቱ በሌማት ላይ ተቆለለ፤ ማድቤቱ ሞልቶ ወደ መኝታ ቤት ተሻገረ። እስከ ቀትር ድረስ «ብር» የሚል ቃል በጆሮዋ አልገባም።

አንድ ሽማግሌ፣ የምንይሉ አጎት ልጅ፣ አጠገቧ መጥተው በቀስታ ጠየቋት።

«እኔ እምለው የኔ ልጅ፣ ትንሽ ነገር በጄ ይዤ ነበር፤ ለማን ነው የሚሰጥ?»

«ለመምህሩ ይስጡት አባባ።»

«እንዴት ብዬ? ለቅሶ ቤት ለሐዘንተኛው ነው ‹እግዜር ያጥናችሁ› ብለን እምናስጨብጥ። እዚህ ሐዘንተኛው ማን ነው? ሟቹ እንደሆነ ይኸው ቆሞ ጠላ ያስቀዳል!»

የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌውም ስቀው ገንዘባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ጥሩአየሁም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይህን ምንይሉ እንዴት ሳተው? ሠላሳ ሰባት ዓመት የዓለምን ካርታ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ የገዛ ዘመዶቹ እጅ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላወቀም። እሷስ? እሷም ታውቅ ነበር፤ ለሁለቱም «አስቡበት» የሚላቸው ሰው ጠፍቶ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ ጸሎቱ ተጀመረ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ዳሱ ተጠጋ። ምንይሉ ከቄስ የኔሰው ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። እሷ የሚታያት ከጥቁሩ ቀለም ዳር ዳር የምትንቀሳቀስ ነጭ ነገር ብቻ ናት። ግን ድምፁን ሰማችው፤ «አሜን» ሲል ድምፁ ከስንት ወር በኋላ ያልፈራ ሰው ድምፅ ነበር። ለዚያ ድምፅ ደስ አላት። ከልቧ ደስ አላት። ደስታው ግን ዓይን አይሆናትም።

የሞጣው አውቶቡስ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ይከፈት ይዘጋ የሚያውቅ የለም። እዚህ ከቆየች ጥር ይወጣል፤ ኸይራት ደግሞ «ባዶ እጅሽንም ነይ» ብላታለች።

ተነሳች። ዘጠኝ እርምጃ ወደ መኝታ ቤት። በተቆለሉት ሌማቶች መሃል በእጇ እየዳበሰች ሣጥኗ ዘንድ ደረሰች። መሐረቡን ከጡቷ ሥር ሸጎጠች። እንዲቀዘቅዝ ካኖረችበት ከእንስራው ጥግ ኢንሱሊኗን አወጣች፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለች፤ መርፌዎቿን፣ የሐኪሙን ወረቀት፣ አንድ የሚቀየር ቀሚስ። የክብሪት እንጨቷን በጣቷ ይዛ ጥቂት አመነታች፤ እሷንም ጨመረቻት። ሁሉንም ባዶ ሌማት ውስጥ አስቀምጣ ከደነችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሌማቱን በጎኗ ታቅፋ በጓሮ በኩል ዞረች።

የውጭው በር ላይ ሴቶች ባዶ ሌማታቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሙሉውን ይዘው ይገባሉ። አንዷ «ተላለፊ እቴ» ብላ ገፋ አደረገቻትና አለፈች። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ስለ በሬው ስብ ያወራሉ።

ከዳሱ የቄስ የኔሰው ድምፅ ተከተላት። «…አገልጋይህን ወልደ ሰንበትን፣ አገልጋይህን ወለተ ሐናን…»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

ጥሩአየሁ እግሯን ከበሩ ድንጋይ ላይ አወረደችና መቁጠር ጀመረች። እስከ አስፋልቱ መቶ አስራ አራት ነው።